ስለ አሮጌ መኪናና «ተሠርቷል» ስለሚለው ቃል

ሰው በአፉ ከሚያወጣቸው ቃላት መካከል ቀላል የሚመስሉ፥ ነገር ግን ብዙ ሸክም ያለባቸው አሉ። ከነዚህም አንዱ «ተሠርቷል» የሚለው ነው። የወንበር እግር ተሰብሮ የነበረ እንደ ሆነ «ተሠርቷል፥ ተቀመጥ» ይባላል፤ ጣራ ሲያፈስ የነበረ እንደ ሆነ «ተሠርቷል፥ ግባ» ይባላል፤ መኪናም በመንገድ ላይ ቆሞ የነበረ እንደ ሆነ «ተሠርቷል፥ ተሳፈር» ይባላል። ይህን የሰማ ሰው ነገሩን ሳይመረምር ይቀመጣል፥ ይገባል፥ ይሳፈራል፤ የተናጋሪውን ቃል ተቀብሎ በምትኩ ሰውነቱን ያስረክባል። እንግዲህ «ተሠርቷል» ያለው ሰው ምን ያህል ዐውቆ እንደ ተናገረ መጠየቅ የተገባ ነው። በወንበር የተሳሳተ ሰውን ከመሬት ቢጥል ነው፤ በመኪና የተሳሳተ ግን ከገደል ይጥላል።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው ሰው አሮጌ መኪናውን በገዛ ግቢው ሲጠግን ነው። የጋራዥ መካኒክ የሚጠይቀው ባለንብረት አለበት፤ መኪናው ተመልሶ የቆመ እንደ ሆነ ባለንብረቱ መጥቶ ይወቅሰዋል፥ ስሙንም በሰፈሩ ያጠፋዋል። በግቢው የሚጠግን ሰው ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም፥ ሠሪውም ዳኛውም ራሱ ነው። ራሱን ያታለለ እንደ ሆነ ከመንገዱ በቀር የሚያጋልጠው የለም።

ቋንቋውም በዚህ ነገር የሚያሳስብ ነው። የደከመውን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ማደስ ይባላል፤ የተሰበረውን አያይዞ እንዲጸና ማድረግ መጠገን ይባላል፤ የከተማ ሰው ግን ስለ መኪናው ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ «ተሠራ» ይላል፤ ዛሬ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያህል። «መጠገን» የሚለው ቃል ይልቅ የወጌሻን ሥራ ያስታውሳል። ወጌሻ አጥንት ሲጠግን ከማሰሩ አስቀድሞ በጣቱ ይዳስሳል፤ ሕመምተኛው እየጮኸ እርሱ ይፈልጋል፤ የተሰበረው የቱ እንደ ሆነ ሳያገኝ መቃና መጠቅለያ አያነሣም። የታመመውን እግር ትቶ ሦስቱንም ደኅና ጅማቶች ቢያስር ማን ወጌሻ ይለዋል? በመኪና ላይ ግን ይህን የሚመስል ነገር ዕለት ዕለት ይደረጋል፤ ነውርም አይባልም።

በአዲስ አበባ ለቤት ጥገና ብዙ ጊዜ የሚገኘው አሮጌ መኪና ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራው ቮልስዋገን ነው። ይህ መኪና በፌርዲናንድ ፖርሽ ታስቦ በጀርመን አገር የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው ያለበት ከተማ ቮልፍስቡርግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ተመሠረተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት ይወጣ ጀመር፤ የመጨረሻውም በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ በ2003 ሲወጣ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ሥራው ከቆመ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም ጎበጥ ያለው ጀርባውና ከኋላው የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ከአዲስ አበባ መንገድ ገና አልጠፋም። ምክንያቱም አሠራሩ ነው። ሞተሩ በስተኋላ ሆኖ አራት ሲሊንደር አለው፤ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የለውም፥ የሚፈላም የሚያፈስም ውሃ የለውም። ትዕግሥት ያለው ሰው በጥቂት ቁልፎች፥ በካቻቪቴና በፒንሳ አብዛኛውን ክፍል ሊፈታው ይችላል። (የመሣሪያውም የዕቃውም ስም፥ ካቻቪቴ፥ ካንዴላ፥ ቦቢና እየተባለ፥ ከጣሊያን ቋንቋ መጥቶ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ቃሉ መቅረቱ የሚገርም ነው።)

አገሩ ግን ለሞተር ቀላል አገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ የጠነከረ ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቀላቅሎ በማንደድ ነውና አየሩ ሲሳሳ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ካርቡራተሩም ለቆላ እንደ ተለካ የቀረ እንደ ሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። ደግሞም በደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ቶሎ ይተንናል። በዚህ አገር መኪናው የሚታመምበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ምክንያት በበዛበት ቦታም ለመገመት የሚመች ነገር አይታጣም።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ሰው ይታሰብ። ሰውየው በመሥሪያ ቤት የሚሠራ የከተማ ሰው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የተሠራ ቮልስ ከአባቱ ወርሷል። አባቱ በሕይወት ሳሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ዘይት ሲለኩ፥ ካንዴላ ሲጠርጉ፥ ልጁ ዕቃ እያቀበለ ያድግ ነበር። ስለዚህ መኪናው ለእርሱ መሄጃ ብቻ አይደለም፤ የአባቱ እጅ የነካው ነገር ነው። ሊሸጠው አይወድም፤ ለሌላ ሰው እጅ መስጠትም ይከብደዋል።

ይህ መኪና አንድ ዐመል አወጣ። ጥዋት በጥሩ ሁኔታ ይነሣል፤ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ እንደ ሆነ ግን ጥቂት ከሄደ በኋላ ይንተፋተፋል፥ ኀይል ያጣል፥ ይቆማል። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነሣል። እንዲህ ያለ ሕመም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሐኪሙ ሲመጣ ይሸሻልና። በግቢ ውስጥ ሆነው ቢያዩት ምንም የለበትም።

ምክንያቱ ምን ይሆን? በጉባኤ ቤት ያደገ ሰው እዚህ ላይ የትርጓሜውን አካሄድ ሳያስታውስ አይቀርም። አንድም ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ሳለ ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ ተንኖ መንገዱን ዘግቶታል። አንድም ኮንደንሰር የምትባለው ትንሽ ዕቃ ስትሞቅ ትደክማለች፤ እሳቱም ይጠፋል። አንድም ለካንዴላው ኀይል የሚሰጠው ቦቢና ውስጡ ተቃጥሎ በሙቀት ጊዜ ይከዳል። አንድም የቤንዚኑ ፓምፕ ላስቲክ አርጅቶ ሲግል መሳብ ይሳነዋል። ነገር ግን በመጽሐፍ ትርጓሜ አንዱ አንድምታ ሌላውን ሳያፈርስ አብሮ ይቆማል፤ አንባቢውም በሁሉ ይጠቀማል። በመኪና እንዲህ አይደለም፤ አንዱ እውነት የሆነ እንደ ሆነ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ናቸው፥ ገንዘብም ያስከፍላሉ።

ለመለየት መንገድ አለው። መኪናው በቆመበት ሰዓት፥ ሳይቀዘቅዝ፥ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅሎ ጫፉን ከብረት አጠገብ አድርጎ ሞተሩን ማዞር ነው። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ የታየ እንደ ሆነ ኮንደንሰሩና ቦቢናው ከክስ ነፃ ናቸው፤ ደካማ ቢጫ ብልጭታ የታየ ወይም ከቶ የጠፋ እንደ ሆነ ጥፋቱ በእሳቱ በኩል ነው። ብልጭታው ደኅና ከሆነ ወደ ቤንዚኑ መንገድ መዞር ይገባል፤ በዚህ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ በጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቤንዚን መኪናውንም ሰውየውንም ያነድዳልና። በዚህ ዓይነት መኪና የቤንዚኑ ጎማ አርጅቶ ተሰንጥቆ ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ ከሞተሩ ላይ እሳት መነሣቱ የታወቀ ነገር ነው።

ሰውየው ይህን ሁሉ ከአባቱ ያየው ነው። ነገር ግን በእንጦጦ ዳገት ላይ ቆሞ አላደረገውም። ከኋላው ያሉት ጥሩንባ ይነፋሉ፤ አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ይህን ሽጠውና በቅሎ ግዛ» ይለዋል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ። በሰው ፊት ያፈረ ሰው ምክንያት አይፈልግም፤ መገላገልን ይፈልጋል። ብዙው ስሕተት የሚወለደው ከድንቁርና ነው ይባላል፤ ከዕፍረት የሚወለደውን ግን የቆጠረው የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መርካቶ ወርዶ አዲስ ኮንደንሰር፥ አዲስ ቦቢና፥ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ገዛ። በአንድ ቀን ሦስቱንም ለወጠ። እግረ መንገዱንም የቤንዚኑን ጋን አውርዶ አጠበ፤ ዝገት ካለ ብሎ ነው፤ ክዳኑንም በቤንዚን አጥቦ በጨርቅ ወልውሎ መለሰው። በማግሥቱ እንጦጦ ወጣ፤ መኪናው አልቆመም። ሦስት ሳምንት ተመላለሰበት፤ አልቆመም። ደስ አለው። ጎረቤቶቹም «መኪናው እንዴት ሆነ?» ሲሉት «ተሠርቷል» ይል ጀመር።

ሰውየው በዚህ ጊዜ ምን ያውቃል? መኪናው እንደሚሄድ ያውቃል። ስለ ምን ቆሞ እንደ ነበረ አያውቅም፤ ስለዚህም ነገ ስለ ምን እንደማይቆም አያውቅም። ከለወጠ በኋላ መኪናው ሄደ፤ ይህ እውነት ነው። ከለወጠው የተነሣ ሄደ ማለት ግን ሌላ ቃል ነው። አማርኛ «ከዚያ በኋላ» እና «ከዚያ የተነሣ» ብሎ ሁለቱን ሲለይ ሰው ግን ደስታ በያዘው ጊዜ ይቀላቅላቸዋል፤ የቀደመው የተከተለውን የወለደው ይመስለዋል። ሰባት ዓይነት ቅጠል ጠጥቶ የዳነ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ፥ ወይስ በሽታው በገዛ ጊዜው እንደ ለቀቀው ሳያውቅ፥ ለሌላው ሕመምተኛ ሰባቱንም ያዝዝለታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ቸል ሊባልም የማይገባ ነው። ሠላሳ ዓመት በመንገድ ዳር ሲሠራ የኖረ መካኒክ አለ፤ ክዳኑን ሳይከፍት ድምፁን ሰምቶ «ቫልቩ ጠብቋል» ይላል፤ ሲከፈት እንደ ቃሉ ይገኛል። በምን ዐወቅህ ቢሉት መልስ የለውም፤ «ድምፁ ይናገራል» ብሎ ያልፋል። ይህስ ሰው አያውቅም ሊባል ነው? ምክንያቱን መዘርዘር ያልቻለ ሁሉ እንደ ገማች ከተቆጠረ እረኛውም ገበሬውም፥ ልጅዋ ስለ ምን እንደሚያለቅስ በድምፁ የምትለይ እናትም ገማቾች ሊባሉ ነው።

መልሱ በመናገርና ባለመናገር ላይ አይደለም። የዚያ መካኒክ ግምት በሺህ መኪና ተፈትኗል፤ የሳተ ጊዜ መኪናው በገመድ ተጎትቶ ተመልሶለታል፥ ባለንብረቱም ተቆጥቶታል፥ ሌሊቱንም ሲያስብበት አድሯል። ጆሮው የተሠራው በስሕተቱ ነው። በግቢው የሚጠግነው ሰው ግን ግምቱን የፈተነበት ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ ገመተ፥ አንድ ጊዜም ተሳካለት። ሁለቱ «ተሠርቷል» ሲሉ ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ከቃሉ በስተኋላ የቆመው ነገር አንድ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው በዝምታ የሚያልፈውን ጀማሪው በሥራ ሊያረጋግጠው ግድ ነው።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ የሰውየው የራሱ ጉዳይ ነበር። አንድ ቀን ግን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ ጎረቤቱ፥ ከእናቱ ጋር አብረው የኖሩ ባልቴት፥ ወደ ግቢው ገቡ። እኅታቸው በደብረ ሲና ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነውና ለሙት ዓመቱ ሊሄዱ ፈልገዋል፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንም ይዘው ነው።

«ልጄ፥ መኪናው ተሠርቷል አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሉት።

«አዎ እትዬ፥ ተሠርቷል» አላቸው።

«እንግዲያስ አንተ ታደርሰኛለህ። አውቶቡሱ ያንገላታኛል።»

እሺ አለ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። ደብረ ሲና ለመድረስ ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ጣርማ በር መውጣት፥ ከዚያም ዋሻውን ተሻግሮ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት መውረድ ነው። በዚያ ብርድና ጉም መኪናው ቢቆም ባልቴቲቱንና ልጆቹን ይዞ የት ይደርሳል? ራሱን «ተሠርቷል ያልኋቸው በምን ዐውቄ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ያገኘውም መልስ «ሦስት ሳምንት ስላልቆመ» የሚል ብቻ ሆነ። ለራሱ ሲሆን የበቃው ማስረጃ ለሌላ ሰው ነፍስ ሲሆን አልበቃውም። እዚህ ላይ ይፈርድ ዘንድ ያልተገባው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገሩ ግን በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ሰው ለራሱ የሚፈቅደውን ድፍረት በሌላው ሕይወት ላይ ሊያደርገው ሲል እጁ ይከብደዋል፤ በዚያም ክብደት ከዕውቀቱ ማነስ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል።

መንገዱ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም መራራ ነው። አሮጌዎቹን ዕቃዎች አንድ በአንድ መልሶ ማስገባት፥ መኪናውንም እንደ ገና እንዲታመም መጠበቅ ነው። ጥፋተኛው ተመልሶ ሲገባ ሕመሙም አብሮ ይመለሳል፤ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ ያን ጊዜ «ከዚያ የተነሣ» ማለት ይቻላል። ይህን ለማድረግ ግን የዳነውን በገዛ እጅ ማሳመም፥ የደስታንም ጊዜ መልሶ ማፍረስ ያስፈልጋል። ሰው ስሕተቱን ለማረም ያን ያህል ላይሰንፍ ይችላል፤ የተሳካለትን ሥራ ሊፈትሽ ግን እጅግ ይሰንፋል። ከተሳካ ወዲያ ምን ቀረው? ይላል።

አሮጌውን ኮንደንሰር መለሰና ብቻውን ወደ እንጦጦ ወጣ፤ መኪናው አልቆመም። አሮጌውን ቦቢና መለሰ፤ አልቆመም። በሦስተኛው ቀን አሮጌውን ፓምፕ መለሰ፤ አሁንም አልቆመም። እንግዲህ መኪናው እንደ ዱሮው ሆኗል፤ የተገዛው ሁሉ ወጥቶ በሣጥን ተቀምጧል፤ ሕመሙ ግን የለም። ሰውየው በመኪናው አጠገብ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተከዘ። ለአላፊ አግዳሚ መኪናው ባለመበላሸቱ ያዘነ ሰው መስሎ ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አስቀድሞ ማድረግ የነበረበትን አደረገ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መኪናው የቆመባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ እያስታወሰ ጻፈ። ሲጽፍ ዐይቶት የማያውቀውን ነገር አየ። መኪናው የቆመው ሁልጊዜ ቤንዚን በሞላ ማግሥት ነው፤ ጋኑ ወደ ባዶ በቀረበ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አያውቅም። ይህን ዱሮም በከፊል አስተውሎት የቤንዚን ማደያውን ያማ ነበር፤ ውሃ ቀላቅለው ሸጡልኝ እያለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እርሱ ግን ሥሩን ሳይቆፍር ሰው ወቅሷል።

በዚህ መኪና የቤንዚኑ ጋን በስተፊት በኮፈኑ ሥር ነው፤ ክዳኑም አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለችው። አፈ ጠባብ ቅል ውሃ ሲቀዳ ቡቅ ቡቅ የሚለው በወጣው ውሃ ፈንታ አየር ሊገባ እየታገለ ነው፤ አየር ባይገባ ውሃው አይወጣም። ጋኑም እንዲሁ ነው። ቀዳዳዋ በአቧራና በዝቃጭ የተደፈነች እንደ ሆነ ቤንዚኑ በወጣ መጠን ውስጡ ባዶነት ይጸናል፤ ፓምፑ ይስባል፥ ባዶነቱም መልሶ ይስባል፤ በመጨረሻ ፓምፑ ይሸነፋል፥ መኪናውም ይቆማል። ሩብ ሰዓት ሲቆይ በክዳኑ ዙሪያ ጥቂት በጥቂት አየር ሰርጎ ይገባል፤ መኪናውም ማንም ሳይነካው ይነሣል። ጋኑ ሲሞላ ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ጥቂት ስለ ሆነ ባዶነቱ ቶሎ ይበረታል፤ ሲጎድል ግን አየሩ ብዙ ስለ ሆነ ይዘገያል። ዳገቱም ሙቀት ስለሚያመጣ ብቻ አልነበረም፤ ሞተሩ በዳገት ብዙ ቤንዚን ስለሚጠጣ ነው። ሰውየው ያን ቅዳሜ ክዳኑን እግረ መንገዱን ሲያጥበው ቀዳዳዋ ተከፍታ ነበር። ያዳነችው ያላሰባት፥ ዋጋም ያልከፈለባት ሥራ ናት።

አሁን ግን ባሰበው ብቻ አላመነም፤ አንድ ጊዜ ተታሏልና። ከጧፍ ላይ ጥቂት ሰም ቆርጦ ቀዳዳዋን ደፈነ፤ ጋኑን አስሞላ፤ በሜዳው መንገድ ሄደ። ብዙ ሳይርቅ መኪናው ተንተፋተፈና ቆመ። ኮፈኑን አንሥቶ ክዳኑን ሲፈታ አየሩ እስስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። መኪናውም ወዲያው ተነሣ። ሰሙን ነቅሎ ቢሄድ አልቆመም። በዚያ ሰዓት ብቻ ዐወቀ ቢባል ያስኬዳል።

ይህን የሰማ «እንዲህ ከሆነ ማን መኪና ይነዳል? ማንስ ይሳፈራል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የመኪናን ብሎንና ዳዶ ሁሉ መርምሮ የጨረሰ ሰው የለም፤ ልጁ የታመመበትም ሰው በሌሊት መኪናውን አስነሥቶ ይሮጣል እንጂ ሰም አይፈልግም። የማያውቀውን እንዲያውቅ ሁሉን ማስገደድ አይቻልም። ያወቀውንና የገመተውን ለይቶ መናገር ግን ለማንም የሚቻል ነው፤ ጊዜም ገንዘብም አይጠይቅም። «ሦስት ነገር ለወጥሁ፤ ሦስት ሳምንት አልቆመም፤ የቆመበትን ምክንያት ግን አላገኘሁም» ቢል ባልቴቲቱ ራሳቸው ፈርደው ይሄዱ ወይም ይቀሩ ነበር። «ተሠርቷል» በማለቱ ግን ፍርዱን ሳያውቁ ከእጃቸው ወሰደባቸው። በደል ከተባለ በደሉ ይህ ነው፤ የእጁ ስሕተት አይደለም።

የክዳኑ ነገር ከተገኘ በኋላ ሰውየው ቸኩሎ ክዳኑን አልዘጋም። የቤንዚኑን ቧንቧ ከፊት እስከ ኋላ ሊያይ ብሎ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፥ ከሥሩም ድንጋይ ደግፎ፥ በጀርባው ገባ። ቧንቧው ደኅና ነው። ከግራው የኋላ ጎማ በስተውስጥ ግን ርጥበት አየ። በጣቱ ነካና አሸተተው፤ የፍሬን ዘይት ነው።

በዚያ ዘመን የተሠራ ቮልስ የፍሬን ዘይቱ ለአራቱም ጎማ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በኋላ እንደ ተሠሩት በሁለት አልተከፈለም። ስለዚህ ከአንዱ ጎማ ዘይቱ ፈስሶ ያለቀ እንደ ሆነ የአራቱም ፍሬን ባንድ ጊዜ ይከዳል፤ የሚቀረው የኋላውን ሁለት ጎማ በሽቦ የሚይዘው የእጅ ፍሬን ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ለሚወርድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰውየውን ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ርጥበቱ አልነበረም። የፍሬኑ ዘይት ጥቂት ጥቂት እንደሚጎድል ከብዙ ወር ጀምሮ ያውቅ ነበር። በጎደለ ቁጥር ይሞላው ነበር። ለምን ይጎድላል ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀም፤ ፍሬኑ ሲረግጡት ይይዝ ነበርና። ስለቆመ ሞተር ሦስት ዕቃ ገዝቶ ሲደክም፥ ስለሚታዘዘው ፍሬን ምንም አላሰበም። የሚያስቸግር ነገር ይመረመራል፤ የሚታዘዝ ነገር ግን ሰውን እስኪገድል ድረስ ይታመናል።

ማለዳ ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄደ። ስንቃቸውን ቋጥረው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ልጆቹንም አጥበው ይጠብቁት ነበር።

«እትዬ፥ ሞተሩ የሚቆምበትን አገኘሁት፤ እርሱ ድኗል። ፍሬኑ ግን ዘይት ያፈሳል። የተበላሸው ጎሚኒው ይመስለኛል፤ ታምቡሩን ስፈታው ዐውቃለሁ። ያ እስኪሠራ ድረስ እንኳን ጣርማ በርን የሰፈራችንን ቁልቁለት አልወርድበትም» አላቸው።

ባልቴቲቱ ጥቂት ዝም ብለው አዩት።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን ተሠርቷል አልኸኝ?» አሉት።

«አላወቅሁም ነበር እትዬ።»

«ባታውቅ አላውቅም አትልም ነበር?»

ለዚህ መልስ አላገኘም። ቋጠሯቸውን ተሸክሞ፥ ትንሹን ልጅ በእጁ ይዞ፥ በታክሲ እስከ ላምበረት መናኸሪያ ሸኛቸው። የደብረ ሲናው አውቶቡስ ሞልቶ ሊነሣ ነበር፤ ረዳቱ በበሩ ቆሞ ይጣራል። ባልቴቲቱም ልጆቹን አስቀድመው፥ መኪናው ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም ብለው ማንንም ሳይጠይቁ፥ አማትበው ተሳፈሩ።